ቲክ ያልጠየቀው ቫርኒሽ

በአውሮፓና በአሜሪካ ወደቦች የሚታሰሩት የመዝናኛ ሞተር ጀልባዎች አካል ዛሬ በአብዛኛው ፋይበርግላስ ነው። አይበሰብስም፣ የባሕር ትል አይበላውም፣ በየዓመቱ ቀለም ቀቡኝ አይልም። ሆኖም በካቢኑ ጣሪያ ግራና ቀኝ፣ በመሰላሉ ጠርዝና በዙሪያው አጥር አናት ላይ የእንጨት መደገፊያ ተዘርግቶ ይታያል፤ እንጨቱም ብዙውን ጊዜ ቲክ ነው። ከጀልባዋ አካል ትንሹ ክፍል ይሁን እንጂ ልፋቱ የትየለሌ ነው። አሮጌው ቫርኒሽ በሙቅ አየር ተለስልሶ በመፋቂያ ይነሣል። ከዚያ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይከተላል፣ ቀጥሎ 120፣ ቀጥሎ 220፣ ሁልጊዜም በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ፤ አንድ ጊዜ አግድም የተፈተገ ቦታ የሚተወው ጭረት ከስምንት ቅብ በኋላም ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል። አቧራው በጨርቅ ከተወለወለ በኋላ የመጀመሪያው ቅብ በማቅጠኛ ግማሽ በግማሽ ቀጥኖ ይቀባና እንጨቱ ይጠጣዋል። ሁለተኛው ወፈር ይላል፤ እንዲህ እየተደራረበ ስምንት፣ አንዳንዱ ዘንድም አሥር ቅብ ይደርሳል፣ በመካከሉም ማድረቅና ቀለል ያለ ፍተጋ አለ። የጠዋት ጤዛ ያልለቀቀው መደገፊያ አይቀባም፣ የቀትር ፀሐይ ያጋለውም እንደዚሁ፤ አቧራ የሚያነሣ ነፋስ ከመጣ የዕለቱ ሥራ አበቃ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሞቃት አገር ፀሐይ ሥር ዓመት ሳይሞላው እንደገና እጅ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የተለመደው መልስ እንጨቱን ከፀሐይና ከጨው ለመጠበቅ ነው የሚል ነው። ስለ ማሆጋኒና መሰል እንጨቶች ከሆነ መልሱ እውነትነት አለው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ስለ ቲክ ሲሆን ግን የሚያፈርሰው ማስረጃ እዚያው ጀልባ ላይ፣ ከመደገፊያው አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። የብዙ ጀልባዎች ወለል የተነጠፈው በዚሁ በቲክ ነው። ያው ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ያው ጨው ይረጨዋል፣ በዚያ ላይ ይረገጣል። ማንም ግን ቫርኒሽ አይቀባውም፤ ቢቀባ ሰው ያንሸራትታል። ግራጫ መልክ ይዞ ባዶውን አሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ከአየሩ ይልቅም የሚያሳሳው ጠንክሮ የሚፈትገው ሰው ብሩሽ ነው። በአንድ ጀልባ ላይ አንዱ እንጨት ከታች ባዶውን እየኖረ ከላይ ስምንት ቅብ የሚደርበው ባሕርዩ አስገድዶ ሊሆን አይችልም። የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ በጀልባ ላይ የሚያበራው ቫርኒሽ የተወለደው ርካሽ እጅ በተትረፈረፈበት ቦታ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ታሪኩን የመራው ከባሕሩ ጠባይ ይልቅ የጉልበት ዋጋ ነው።

ቲክ ራሱ ወደ አውሮፓውያን መርከቦች የገባው ለመልኩ አልነበረም። የትውልድ አገሩ ሕንድ፣ በርማ፣ ታይላንድና ላኦስ ሲሆኑ በውስጡ ያለው ዘይት ውሃን ይገፋል፤ ኦክ በአሲዱ የብረት ምስማርን ሲበላ ቲክ ብረትን አይጎዳም። ሎቭጂ ኑሰርዋንጂ ዋዲያ የተባለ የሱራት ፓርሲ እ.ኤ.አ. በ1736 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ሊሠራ ቦምቤይ ገባ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሙያውን ከመቶ ዓመት በላይ ይዘው ለኩባንያውም ለእንግሊዝ ባሕር ኃይልም የቲክ መርከብ አወጡ። በ1842 እንግሊዝና ቻይና የናንኪንግን ውል የተፈራረሙባት መርከብ ኮርንዋሊስ ከእነሱ እጅ የወጣች ናት። በ1817 ቦምቤይ ላይ ውሃ የገባችው ትሪንኮማሊ ደግሞ ዛሬም በሰሜን እንግሊዝ በሃርትልፑል ተንሳፋ ትጎበኛለች። እርግጥ ብዙ ጥገና ተደርጎላታል፤ ቢሆንም ጎኗ ቀለም የተቀባ ነው፣ ዕድሜዋንም የሰጣት ጣውላዋ ነው።

የሕንድ ምዕራብ ዳርቻ ጫካ ሲሳሳ ዓይን ሁሉ ወደ በርማ ዞረ። እርጥብ ቲክ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ዛፉ ቆሞ ሳለ ቅርፊቱ ዙሪያውን ይላጥና ሁለት ሦስት ዓመት እንዲደርቅ ይተዋል፤ ከዚያ ተቆርጦ በዝሆን እየተጎተተ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላም ወደ ወደቡ ይጓዛል። አንድ ግንድ ቅርፊቱ ከተላጠበት ቀን አንሥቶ ወደብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ በመንገዱም ብዙ ሰውና ብዙ ዝሆን ይነካዋል። የዚህ ንግድ ጌታ በ1863 የተቋቋመው ቦምቤይ በርማ ትሬዲንግ ኮርፖሬሽን ነበር። በ1885 የንጉሥ ቲቦ መንግሥት ኩባንያው ከከፈለበት በላይ ግንድ አውጥቷል ብሎ ከባድ መቀጮ ጣለበት፤ እንግሊዝም ይህን ሰበብ አድርጋ ዘመተች፣ ማንዳላይ በኅዳር ወር ተያዘች፣ ንጉሡ ሕንድ ውስጥ ወደ ራትናጊሪ ተጋዘ። በርማን ፈረንሳይ ትቀድመናለች የሚለው ሥጋት ለጦርነቱ የበለጠ ክብደት ነበረው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፣ ሳይሆንም አይቀርም። ያም ሆኖ አንድ መንግሥት ሲወድቅ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ክስ የግንድ ሒሳብ መሆኑ ቲክ ምን ያህል ገንዘብ ይዞ እንደነበር ያሳያል።

ቫርኒሹም የራሱ ሩቅ መንገድ አለው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ጥሩ የመርከብ ቫርኒሽ ማለት ኮፓል የተባለ ሙጫ ከተልባ ዘይት ጋር የበሰለበት ነበር። ከኮፓሎች ሁሉ ጠንካራ የሚባለው በዛንዚባር ስም ይሸጥ እንጂ የሚወጣው ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ካለው ከዛሬዋ ታንዛኒያ ጠረፍ ነው። ዛፉ ከብዙ ዘመን በፊት አንጠባጥቦት አፈር ውስጥ የደረቀውን ሙጫ የጠረፉ ሰዎች ጉድጓድ እየማሱ ያወጡታል፤ አፈሩ ሲታጠብለት ገጹ ጉጥ ጉጥ ብሎ ይታያል፣ ነጋዴም እውነተኛውን የሚለየው በዚህ ነው። አሜሪካ በ1833 ከኦማንና ከዛንዚባር ገዢ ከሰይድ ሰዒድ ጋር የንግድ ውል ከተፈራረመች ወዲህ የማሳቹሴትሷ ሴለም መርከቦች የጥጥ ጨርቅ እያራገፉ ኮፓልና የዝሆን ጥርስ ይጭኑ ነበር፤ ሙጫው የሚታጠብበት ፋብሪካም እዚያው ሴለም ውስጥ ተከፈተ። ያ ጨርቅ በስዋሂሊ ጠረፍ መሪካኒ ይባል ነበር። አቡጀዲ ተብሎ በእኛ አገር ገበያ የገባው የአሜሪካ ጨርቅም የዚያው ንግድ ዘመድ ነውና፣ በኒው ኢንግላንድ ጀልባ ላይ የሚያበራው መደገፊያ ከእኛ ጓዳ ያን ያህል የራቀ አልነበረም።

ኮፓል በዘይት ውስጥ እንዲሁ አይሟሟም። ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ሲቀልጥና ከክብደቱ የተወሰነው በጭስ ሲሄድ ነው የጋለ የተልባ ዘይት የሚቀበለው። እሳት የሚነሣውም በዚህች ቅጽበት ነበርና ቫርኒሽ አብሳዮች ከመኖሪያ ሰፈር ራቅ ብለው ይሠሩ ነበር። ዘይቱ ሲያንስ ቫርኒሹ ይጠነክራል፣ ግን ይሰነጠቃል፤ ሲበዛ ይለጠጣል። የሸራ ምሰሶ በነፋስ ስለሚጎብጥ ለመርከብ የሚሆነው ቫርኒሽ ዘይት የበዛበት ነው። ውሃ ሲነካው መንጣት የቆየ ችግሩ ነበር፤ በ1906 ቫልስፓር የተባለው ቫርኒሽ ገበያ ሲወጣ የተዋወቀው የፈላ ውሃ እየተደፋበት መልኩን እንደማይለውጥ በማሳየት ነው። ከተልባ ዘይት ይልቅ ውሃን የሚችለው የቻይናው ቱንግ ዘይት በኋላ እጅግ ተፈላጊ ሆነ፤ በ1938 መጨረሻ አሜሪካ በጦርነት ላይ ለነበረችው ቻይና 25 ሚሊዮን ዶላር ስታበድር ዕዳው እንዲከፈል የተስማሙት በዚሁ ዘይት ነው። ፋብሪካ የሚያመርታቸው ሙጫዎች፣ ከዚያም ፖሊዩሬታን ተከታትለው መጡ። ሁሉም አሻሻሉት፤ አንዱን መሠረታዊ ጉድለት ግን አላስወገዱም። ቫርኒሽ ብርሃን ያሳልፋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በጠራው ቅብ ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ቃጫዎች የሚያያይዘውን ሊግኒን ያፈርሳል፣ ስለዚህ ቫርኒሹ ገና ሳያልቅ ከሥሩ ይላቀቃል። ጨረሩን የሚመጥጡ ቅመሞች ዛሬ ይጨመሩበታል፤ እነሱ ግን ነገሩን ያዘገዩታል እንጂ አይከለክሉትም። ብርሃን የማያሳልፍ ተራ ቀለም ከዚህ ሁሉ የተሻለ ጠባቂ ነው። እንጨቱን መጠበቅ ብቻ ቢሆን ፍላጎቱ፣ መልሱ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ነበር።

በእርግጥም በባሕር ላይ ለእንጀራቸው የሚሠሩ ሰዎች መልሳቸው ይኸው ነበር፤ ጀልባቸውን ቀለም ወይም ቅጥራን ይቀቡታል፣ አለዚያም ዘይት አጠጥተው ይተዉታል። ጠርቶ የሚያበራ ነገር የበዛው የሰው ቁጥር ከሥራው በላይ በሆነባቸው መርከቦች ነው። ለውጊያ ሲባል በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የሚጭን የጦር መርከብ በሰላም ቀን እነዚያን እጆች ሥራ ማስያዝ ነበረበት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ ፍተጋውና ቅቡ የሹመት መሰላል ሆነ፤ መንግሥት የሚሰጠው ቀለም አልበቃ እያለ መኮንኖች ከኪሳቸው የሚገዙበት ጊዜ ነበር። በኅዳር 1907 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ሊጎበኝ ሲመጣ አድሚራል ሎርድ ቻርልስ ቤረስፎርድ መርከቦቹ ለቅብ እንዲመለሱ አዘዘ። የተኩስ ትምህርት አባት የሚባለው ፐርሲ ስኮት ደግሞ ልምምድ ላይ ለነበረችው መርከብ ለሮክስበርግ ከመድፍ ይልቅ ቀለም ተፈልጓልና ገብታችሁ ተኳኳሉ የሚል ትርጉም ያለው የሽሙጥ መልእክት ላከ፤ ጠቡም በአደባባይ ወጣ። እኔ በዚህ ነገር ከስኮት ጋር ነኝ። ይሁንና ቤረስፎርድን ሞኝ ማለት አይቻልም፤ የዘመኑ ተመልካች መርከብን የሚመዝነው በቅቧ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ሀብታሞቹ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤቶች ይህን ልማድ ከባሕር ኃይል ወረሱት፤ እጁን ግን በደመወዝ ነበር የሚገዙት። በእንግሊዝ የኤሴክስ መንደሮች፣ ብራይትሊንግሲ፣ ቶልስበሪና ዊቨንሆ፣ ወንዱ ክረምቱን ኦይስተርና ዓሣ ሲያጠምድ ከርሞ በበጋ በጌቶች ጀልባ ላይ ይቀጠራል። በአሜሪካም በ1895 የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ሽልማት የተከላከለችው ጀልባ ዲፌንደር መርከበኞቿን ያገኘችው ከሜይን ግዛት የዓሣ አጥማጆች ደሴት ከዲር አይል ነው፣ በ1899 ኮሎምቢያም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ባሕርን ያውቃሉ፣ እንጨትንም ያውቃሉ። ለጀልባ የሚበጀው ቫርኒሽ ቢሆን ኖሮ በራሳቸው ማጥመጃ ጀልባ ላይ ይታይ ነበር። በሰው ጀልባ በጋውን ሙሉ መደገፊያ ሲያበሩ ኖረው ቤታቸው ሲመለሱ የራሳቸውን ቅጥራን የሚቀቡ ሰዎች፣ ነገሩ የእንጨት ጉዳይ እንዳልነበረ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ጎትሊብ ዳይምለር በ1886 ኔካር ወንዝ ላይ በቤንዚን ሞተር የምትሄድ ጀልባ ሞከረ። ሞተር ሲመጣ ሸራ የሚጎትት ሰው አላስፈለገም፤ መርከበኛ የመቅጠር አቅም የሌለው ሰውም ጀልባ ሊኖረው ቻለ። በሚሺጋን አልጎናክ የተነሣው ክሪስ ክራፍት በማሆጋኒ የሠራቸው ፈጣን ጀልባዎች ለዚህ ገዢ ነበሩ። እዚህ ላይ ማሆጋኒ በእርግጥ ቅብ ይፈልጋል፤ ባዶውን ቢተው ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃልም። ግን ቀለምም ይበቃው ነበር። የጌቶች ጀልባ ቫርኒሽ እንደሚያበራ የለመደ ዓይን ትንሿም ጀልባ እንድታበራ ፈለገ፤ ፈታጊው ግን ቅጥረኛ መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱ ራሱ ሆነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ፋይበርግላስ ሲመጣ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሮበርት ኒውተን በ1956 ሆንግ ኮንግ ላይ ያቋቋመው አሜሪካን ማሪን ግራንድ ባንክስ በሚል ስም የእንጨት ሞተር ጀልባ ሲሠራ ቆይቶ በ1973 ወደ ፋይበርግላስ ዞረ፤ ገዢው እንዳይከፋው ግን በፋይበርግላሱ ጎን ላይ የጣውላ መገጣጠሚያ መስመር የሚመስል ቅርጽ አወጣበት፣ መደገፊያውንም ቲክ አድርጎ አስቀረው። የታይዋን ጀልባ ሠሪዎችም በቲክ የተሸፈኑ ጀልባዎችን ወደ አሜሪካ አጎረፉ። ለምን? የቲክ አገር ቅርብ ነበር፤ በሆንግ ኮንግና በታይዋን ጥሩ አናጢ በርካሽ ይገኝ ነበር። እንጨቱ የተገጠመው እጅ ርካሽ በሆነበት አገር ነው፣ የሚታደሰው ግን እጅ ውድ በሆነበት በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ ነው። ዛሬ ባለቤቶች በየቅዳሜው ጎንበስ ብለው የሚፈትጉት የዚህን ልዩነት ዕዳ ነው።

ይህን ሙግት የማይቀበሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንደኛው ተቃውሞ ስለ መጨበጥ ነው፦ በእርጥብ እጅ ሲያዝ እንጨት ከብረት ይሻላል፣ በብርድ አይቀዘቅዝም፣ በፀሐይ አያቃጥልም ይላሉ። ትክክል ነው። ግን ይህ ለባዶ ቲክ የሚመሰክር ነው፤ ስምንት ቅብ የተደረበበት መደገፊያ እርጥብ ሲሆን ያዳልጣል። ሁለተኛው ውበት ነው፣ ሰው ቆንጆ ነገር ቢወድ የግድ ሀብት ማሳየት ነው ማለት አይደለም ይላል። ውበቱን አልክድም። ይሁንና ዓይን የሚወደውን ይማራል፤ በዘይትና በቅጥራን የኖረ የኖርዌይ ጀልባም ለለመደው ሰው ያምራል። የሞተር ጀልባ ገዢ ይህን ትቶ ያንን የመረጠው የሚመኘው ጀልባ ዱሮ የማን እንደነበረ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፣ በከፊልም አሳምኖኛል። መደገፊያው ከጣሪያው ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። በብሎኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ውሃ ይሰርጋል፤ ብዙ የፋይበርግላስ ጣሪያዎች በሁለት ሽፋን መካከል እንጨት አላቸውና ያ እንጨት ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። ለእድሳት ሲል መደገፊያውን የሚፈታ ሰው ይህን ያያል፣ ማሸጊያውንም ይለውጣል። በቫርኒሹ ሥር የወጣ ጥቁር ነጥብም ውሃ የገባበትን ቦታ ይጠቁመዋል። እንግዲህ ልማዱ ጥቅም አለው ማለት ነው። ግን የልማድ ጥቅም የልማዱ ምንጭ መሆኑን አያሳይም፤ ብሎን ለመፈተሽ ስምንት ቅብ አያስፈልግም፣ ብዙዎችም መደገፊያውን ሳይፈቱ እዚያው ላይ ነው የሚቀቡት።

የሰሞኑ ታሪክ ሙግቱን የባሰ ያጠነክረዋል። ሚያንማር፣ ማለትም የዱሮዋ በርማ፣ በ2014 ያልተሰነጠቀ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ከየካቲት 2021 የጦር ሠራዊቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በመንግሥቱ የእንጨት ድርጅት ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ በ2024 ደግሞ የእንግሊዙ ሞተር ጀልባ ሠሪ ሰንሲከር ሕግ የሚጠይቀውን ማጣራት ሳያደርግ የሚያንማር ቲክ በማስገባቱ ፍርድ ቤት ቀጣው። ለወለል የሚሆን ሰው ሠራሽ ምንጣፍ፣ ለመደገፊያ የማይዝግ ብረት አለ፣ ብዙ አዳዲስ ጀልባዎችም ወደዚያ ሄደዋል። በፍሎሪዳ ግን ሌላ ሙያ አድጓል። ለትልልቅ የዓሣ ማጥመጃ ሞተር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳና ጠርዝ፣ በፋይበርግላሱ ወይም በአሉሚኒየሙ ላይ ሠዓሊ በብሩሽ የቲክን ጅማት መስመር በመስመር ይሥላል፤ የጣውላው መገጣጠሚያና የብሎኑ መድፈኛ ሳይቀር ይሣላል። ከዚያ በላዩ የጠራ ፖሊዩሬታን በብዙ ቅብ ይደረብበታል። በፀሐይ የሚፈርስ ሊግኒን የለም፣ የሚበሰብስ ጣውላ የለም፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ነው። ፀሐዩ ሲያደበዝዘው ግን ባለሙያ ይጠራል፣ ይፈተጋል፣ እንደገናም ይቀባል።